ጅራፉ ሲጮኽ፦ የ1994ቱ በቆሎ ከእህል በረንዳ እስከ ደምበጫ

በ1992 ዓ.ም አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ሁለት ኩንታል የማይሞላ በቆሎ መሸጥ ይበቃ ነበር። በ1994 ዘጠኝ ኩንታል ጠየቀ። ቁጥሩ የአንድ መንደር ወሬ አይደለም፤ የግብርና ኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በአገር ደረጃ ያሰሉት ምጥጥን ነው፦ ከ1.7 ወደ 9። ልብ በሉ፣ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ የማዳበሪያ ዋጋ አምስት እጥፍ አልጨመረም። ሕዝቡም በቆሎ መብላት አልተወም። ምርቱ ጨምሯል፣ እሱ እውነት ነው፤ ግን አምስት እጥፍ? የትም አልጨመረም። ታዲያ ያ ትንሽ ነገር ይህን ያህል ገዝፎ እንዴት እኛ ደጅ ደረሰ?

እኛ ደጅ ማለቴ ደምበጫ ነው። ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። በእኛ ቤት እስከ ዛሬ አንድ ነገር ሲረክስ "እንደዚያ ዓመት በቆሎ" ይባላል። እናቴ አሁንም ትለዋለች፤ ስለ ሰርግም፣ ስለ ባለሥልጣን ንግግርም።

የዚያን ጊዜ ማብራሪያ አልጠፋም ነበር። ነጋዴዎች ተማምለው ነው የሚል ነበር። እግዜር አብዝቶ ሰጥቶ መሸከሚያውን ነሳን የሚልም ነበር። ደላላ የተባለ ፍጥረት አዲስ አበባ ተቀምጦ ላባችንን ይጠጣል የሚለው ግን ከሁሉም በላይ ይወደድ ነበር። ሰው ሲከፋው ፊት ያለው ጠላት ይፈልጋል፤ ፊት የሌለው ጠላት አይረገምም። እኔ ግን ዛሬ የማወራው ፊት ስለሌለው ነው።

የጎጃም ልጅ ጅራፍ ያውቃል። ነሐሴ ገብቶ ቡሄ ሲቃረብ ከብት ጠባቂው ሁሉ ጅራፉን ገምዶ ሜዳ ይወጣል፤ የማን ጅራፍ ይበልጥ ይጮኻል ነው ፉክክሩ። ያጮኸ ሰው አንድ ነገር ያውቃል፦ ጩኸቱ ከእጅ አይደለም የሚመጣው። እጅ የሚንቀሳቀሰው ስንዝር ቢሆን ነው። ንቅናቄው ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ በሄደ ቁጥር እየፈጠነ፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ከድምፅ ፍጥነት ያልፋል። ያ የምንሰማው "ጧ!" ጫፉ አየሩን ሰብሮ ሲያልፍ ነው። ክንድህ ምንም ሳይመስለው ጫፉ ቅጠል ይበጥሳል።

የንግድና የአቅርቦት ተመራማሪዎች ይህንኑ ምስል ወስደው ለአንድ ክስተት ስም አወጡለት፤ የጅራፍ ውጤት ይሉታል። ነገሩን መጀመሪያ በሒሳብ ያሳየው የኤም.አይ.ቲው ጄይ ፎሬስተር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሱቅ፣ አከፋፋይ፣ መጋዘንና ፋብሪካ ያለበትን ሰንሰለት በኮምፒውተር አስመስሎ ሠራ። ሱቁ ላይ ሽያጭ በ10 በመቶ ብቻ ከፍ እንዲል አደረገ። ፋብሪካው ላይ ሲደርስ ምርቱ ከ40 በመቶ በላይ ተተኮሰ፤ ከዚያ ደግሞ ዝቅ ብሎ ወደቀ። ማንም አልተሳሳተም፣ ማንም አልሰረቀም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የስታንፎርዱ ሃው ሊና ባልደረቦቹ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የተባለው ኩባንያ የገጠመውን እንቆቅልሽ አነሱ። ኩባንያው የሚሸጠው ፓምፐርስ ነው። ሕፃን ደግሞ ለገበያ ብሎ አብዝቶ አይሸናም፤ ፍጆታው ቀጥ ያለ ነው። ሆኖም ከአከፋፋዮች የሚመጣው ትዕዛዝ ይዋዥቅ ነበር፤ ኩባንያው ለጥሬ ዕቃ አቅራቢዎቹ የሚልከው ትዕዛዝ ደግሞ ከዚያም ብሶ ይንጥ ነበር።

ይህንን ለማየት አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም። "ዘይት ሊጠፋ ነው" የሚል ወሬ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲህ አንድ ባለ አምስት ሊትር የሚገዛው ሰው ሁለት ይገዛል። ባለሱቁ ዕቃው በሁለት ቀን ማለቁን ሲያይ ፍላጎት በእጥፍ የጨመረ ይመስለዋል፤ "ለማንኛውም" ብሎ ሦስት እጥፍ ያዛል። ጅምላ ሻጩ ከአሥር ሱቅ እንዲህ ያለ ትዕዛዝ ሲመጣበት የሚያስበውን ገምቱት። ከአንድ ወር በኋላ ሁሉም ቤት ዘይት ሞልቷል፣ ማንም አይገዛም፣ ጅምላ ሻጩም "ገበያ ሞተ" ይላል። የሰው ድስት ግን በሁለቱም ወር እኩል ዘይት ነው የጠጣው። "ለማንኛውም" የምትለዋ ቃል ናት ጅራፉን የምትገምደው።

ወደ በቆሎው እንመለስ።

እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ የምዕራብ ጎጃም ገበሬ በቆሎ የሚዘራው ለቤቱ ነበር፤ ለሽያጭ ጤፍ ነበር፣ በርበሬ ነበር፣ ኑግ ነበር። ከዚያ ባኮ ላይ ያለው የምርምር ማዕከል ቢ.ኤች. 660 የተባለውን ዲቃላ በቆሎ አወጣ። ለእኛ ከፍታና ለእኛ ክረምት የተሰፋ ልብስ ይመስል ነበር። በዚያው ሰሞን ሳሳካዋ ግሎባል 2000፣ የኖርማን ቦርሎግና የጂሚ ካርተር ድርጅት፣ በገበሬ ማሳ ላይ ግማሽ ሄክታር የሠርቶ ማሳያ እርሻ ይዞ መጣ፦ ምርጥ ዘር፣ ዳፕ፣ ዩሪያ፣ በመስመር መዝራት። አቶ መለስ ዜናዊ ከካርተር ጋር ሆነው ማሳውን ጎበኙ፤ መንግሥትም በ1987 ዓ.ም አሠራሩን የራሱ አድርጎ በመላ አገሪቱ ዘረጋው። ገበሬው በአንድ ቃል "ፓኬጅ" አለው። ፓኬጅ ገባህ? ፓኬጅ ወሰድህ? የፓኬጅ ዕዳ አለብህ?

ምርቱ መጣ። እዚህ ላይ ማንም አይከራከርም። ቡሬ፣ ወንበርማ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ደምበጫ የበቆሎ አገር ሆኑ። በ1993 አዝመራው አማረ፣ በ1994 ደግሞ ደገመ። ሁለት የጠገቡ ዓመታት ተከታትለው መጡ።

አሁን አንድ ትንሽ ስሌት አብራችሁኝ ሥሩ፤ ጅራፉ የመጀመሪያውን ፍጥነት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነውና። በኢትዮጵያ ከሚመረተው እህል ገበያ የሚወጣው ሩብ ያህሉ፣ ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። ሌላው ይበላል፣ ለዘር ይቀመጣል። አንድ ገበሬ ለምሳሌ 20 ኩንታል ያገኛል እንበል፤ 14ቱን ለቤቱ ያስቀራል፣ 6ቱን ይሸጣል። በሚቀጥለው ዓመት ምርቱ በ10 በመቶ ጨመረ፤ 22 ሆነ። የቤቱ አፍ አልጨመረም። ስለዚህ የሚሸጠው 8 ነው። ማሳው ላይ 10 በመቶ የነበረው ገበያው ላይ 33 በመቶ ሆነ! ሁለተኛው የጥጋብ ዓመት ሲመጣ ደግሞ ጎተራው ካምናው የተረፈ ስላለው የበለጠውን ያወጣዋል። ምርቱ በ20 በመቶ ቢቀንስስ? 16 ሆነ፤ 14ቱ ለቤት፣ 2 ለገበያ። ማሳው ላይ አንድ አምስተኛ ጎደለ፣ ገበያው ላይ ሁለት ሦስተኛው ጠፋ። ከተማ የሚኖር ሰው "ዝናብ ትንሽ ቢያንስ እህል እንዴት እንዲህ ይወደዳል?" ሲል መልሱ ይኸው ነው።

ያ 8 ኩንታል ከደምበጫ ወዴት ነው የሚሄደው? መጀመሪያ በቅዳሜ ገበያ ወይም በመንገድ ዳር ሰብሳቢው ይገዛዋል። ሰብሳቢው ለፍኖተ ሰላም ወይም ለቡሬ ወይም ለደብረ ማርቆስ ጅምላ ነጋዴ ያስረክባል። ጅምላ ነጋዴው መኪና ሲሞላለት በዓባይ በረሃ አቋርጦ (የህዳሴ ድልድይ ገና አልተሠራም) አዲስ አበባ እህል በረንዳ ለሚቀመጠው ደላላ ይልካል። ደላላው ለወፍጮ ቤት፣ ለቸርቻሪ፣ እህል ወደሚጎድለው አገር ለሚወስድ ነጋዴ ያገናኛል። አምስት እጅ፣ አንዱ እጅ የሌላውን መጋዘን የማያይበት።

ስልክስ? ሞባይል በ1991 አዲስ አበባ ላይ ገብቶ ነበር፤ እኛ ጋ ግን ገና ወሬው ብቻ ነው የደረሰው። ነጋዴው ቴሌ ቤት ሄዶ፣ ስሙ እስኪጠራ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አምስት ደቂቃ ከደላላው ጋር ይጮኻል። የሚሰማው አንድ ቁጥር ነው፤ የዛሬ ዋጋ። ያ ዋጋ ለምን እንደሆነ አይሰማም። ስንት መኪና ከነቀምት እንደገባ፣ ስንት ከሻሸመኔ፣ ማን ገዝቶ እንዳከማቸ አያውቅም።

ለምሳሌ ደላላው "አምስት ብር ወርዷል" አለው እንበል። ጅምላ ነጋዴው መኪናው ጫኝቶ፣ በረሃውን ወርዶ ወጥቶ እስኪደርስ ዋጋው ከዚህም ሊወርድ እንደሚችል ያውቃል፤ ስለዚህ ለሰብሳቢው አሥር ብር ይቀንሳል። ሰብሳቢው ደግሞ ጅምላ ነጋዴው ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ እህሉ እጁ ላይ እንደሚቀር ስለሚፈራ ለገበሬው አሥራ አምስት ይቀንሳል። ሦስቱም "ለማንኛውም" አሉ። በእህል በረንዳ አምስት የነበረው ደምበጫ ሲደርስ አሥራ አምስት ሆነ። ጭቆና ልትሉት ትችላላችሁ። እኔ ግን የሌላውን መጋዘን የማያይ ሰው ጥንቃቄ ነው እላለሁ።

እህል ነጋዴ ሲባል ሆዱ የገፋ፣ ገንዘብ የተረፈው ሰው ይታየናል። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን በዚያው ዘመን የአገሪቱን እህል ገበያ ሲያጠኑ ያገኙት ሰው ግን ሌላ ነው፦ በራሱ ትንሽ ገንዘብ የሚሠራ፣ ባንክ የማያበድረው፣ ስለዚህ እህል ገዝቶ ለወራት ማስቀመጥ የማይችል፣ ዛሬ ገዝቶ ዛሬ መሸጥ ያለበት ነጋዴ። ዋጋ ሲወድቅ ገዝቶ የሚያስቀምጥ ሰው ቢኖር ኖሮ ውድቀቱ መሬት ሳይነካ በቆመ ነበር። የጅራፍ ውጤት ምሁራን መጋዘንን እንደ ችግር ምንጭ ያዩታል፤ ሁሉም ደረጃ ላይ ከልክ በላይ ስለሚከማች። እኛ ጋ ተቃራኒው ነው። መጋዘን የለም፤ ንዝረቱን የሚውጥ ነገር የለም፤ እንደወረደ ያልፋል።

ይህንን የመሸከም ሥራ ድሮ መንግሥት ይዞት ነበር። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ኮታ ጥሎ፣ ዋጋ ቆርጦ ይሰበስባል፤ ከኮታው ሸክም ከባዱን ከሚያነሱት አንዱ ጎጃም ነበር። ያንን የሚናፍቅ ገበሬ አላውቅም፤ ኮታ ለመሙላት ከገበያ በውድ ገዝቶ በርካሽ ያስረከበ ሰው ታሪኩን ሲያወራ ሰምቻለሁ። በ1982 ኮታው ተነሳ፣ ተቋሙም ኋላ የእህል ንግድ ድርጅት ሆነ። 1994 ሲመጣ ድርጅቱ ዋጋ የማረጋጋት ኃላፊነቱ ተነስቶለት እንደ ማንኛውም ነጋዴ አትርፎ እንዲሠራ ከተደረገ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ገዛ፤ ግን ከጎርፉ በጭልፋ።

ሌላም አለ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1992፣ በሶማሌና በሌሎች አካባቢዎች ድርቅ ነበርና ለጋሾች ብዙ መቶ ሺህ ቶን እህል ልከው ነበር። የእርዳታ እህል ደግሞ እንደ ጅምላ ነጋዴ መኪና አይደለም፤ ከጥያቄ እስከ ጂቡቲ ወደብ ወራት ይፈጅበታል። ረሀብ ሲታይ ይታዘዛል፣ ጥጋብ ሲመጣ ይደርሳል። መጥፎ ሐሳብ ያለበት ሰው የለም። ግን በጅራፉ ሒሳብ የዘገየ ትዕዛዝ ከተሳሳተ ትዕዛዝ አይሻልም።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ አይቀሬ የሚመስል ነገር ነው፤ እንደ ነፋስ፣ እንደ ጎርፍ። እዚህ ላይ ነው ከፎሬስተር ተማሪዎች የምለየው። በእኛ ሰንሰለት ላይ አንድ የታወቀ እጅ ነበር፤ የዕዳ መክፈያ ቀን።

ፓኬጁ በዱቤ ነበር የሚሰጠው። ገንዘቡ ከባንክ ይወጣል፣ ዋስ የሚሆነው የክልሉ መንግሥት ነው፤ ገበሬው ካልከፈለ ከክልሉ በጀት ይቆረጣል። ስለዚህ ከክልል እስከ ቀበሌ ያለው ሹም ሁሉ እህሉ ከአውድማ ሳይነሳ ዕዳውን ለመሰብሰብ ይሮጣል። ሁሉም ገበሬ በአንድ ወር ውስጥ፣ በአንድ አይነት እህል፣ አንድ ገበያ ላይ እንዲወጣ ይገደዳል። ገበያው ሞልቶ ሳለ በግድ የሚያስሞላው ይህ ነው። ጠብቆ በግንቦት ቢሸጥ የሚሻለው ገበሬ በጥር ይሸጣል።

ጥር 1994 ትርፍ አምራች በሆኑት አካባቢዎች አንድ ኩንታል በቆሎ ከ50 ብር በታች ወረደ፤ የበቆሎ ዋጋ ከቀድሞው እስከ 80 በመቶ ወደቀ። አንዳንድ ቦታ ለመሸልቀቂያና ለማጓጓዣ የሚወጣው ዋጋውን ስላልሸፈነ እህሉ ከማሳ ሳይነሳ ቀረ። አባቴ ሦስት አህያ ጭኖ ገበያ ሄዶ አንዱን ሳይሸጥ እንደጫነ መለሰው፤ "አህያዋ ታመላልሰው፣ ቢያንስ ትለምደዋለች" ብሎ ቀለደ። ዕዳ የሚሰበስቡት ሰዎች የመጡት በሳምንቱ ነው። ስማቸውንም መሥሪያ ቤታቸውንም አልጽፍም፤ እነሱም ከበላያቸው ቁጥር የሚጠየቁ ሰዎች ነበሩ። ቤታችን በቆሎ ሞልቶ ነበር፤ እዳውን ግን በቆሎ አልከፈለውም። አንደኛው በሬያችን ከፈለው። ቦራ ነበር በሬው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት።

"ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል" ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚባለው በዳዩ ራሱ ሲያለቅስ ነው። በዚያ ዓመት ሁሉም ጮኸ። ነጋዴው ከሰርኩ አለ። ሹሙ ዕዳ አልተሰበሰበም አለ። ባንኩም ሥጋት አለብኝ አለ። ውሸት አልነበረም። ልዩነቱ፣ ነጋዴው የዚያን ሳምንት ትርፍ ነው ያጣው፤ ገበሬው የሚቀጥለውን ክረምት ማረሻ።

ግንቦት ላይ አዲስ የመዝሪያ ጊዜ መጣ፤ እዚህ ጋ ሁለተኛው ጅራፍ ይጀምራል። በመጀመሪያው ጅራፍ ገበሬው አምራች ነበር፣ ከጫፉ ላይ የቆመ። በሁለተኛው ግን እሱ ገዢ ነው። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሰንሰለት የሚንቀሳቀሰው ከእሱ እጅ ነው። እሱ ሲያመነታ ወረዳ ይጎድልበታል፣ ዞን ይጎድልበታል፣ አስመጪው ከመጋዘን ሳያወጣ ይቀራል። ዲቃላ ዘር ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ዛሬ የሚዘራው ዘር ካቻምና ወላጆቹ መባዛት አለባቸው። ስለዚህ የምርጥ ዘር አምራቹ የ1994ን ፍላጎት የገመተው በጥጋቡ ጊዜ ነው። ገበሬው ግን በ1994 ሲጠየቅ አንገቱን ነቀነቀ። ዘጠኝ ኩንታል ሸጦ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ? ብዙዎች መጠኑን ቀነሱ፣ ብዙዎች ጭራሽ ተዉት፣ ከተረፈው በቆሎ ዘር አስቀርተው ዘሩ። ዲቃላ ዘር ተመልሶ ሲዘራ ምርቱ እንደሚወርድ ያውቃሉ፤ ግን ዕዳ የለበትም።

በዚያው ክረምት ዝናቡ ዘገየ። አፋርና ሐረርጌ ከፉኛ ተመቱ፤ የአርሲም ቆላ እንዲሁ። ምዕራብ ጎጃም ላይ ዝናቡ ፈጽሞ አልከዳም፤ ግን ማዳበሪያ የሌለው በቆሎ ቁመቱ አጠረ፣ ራሱ ሳሳ። ኅዳር 1995 ላይ አቶ መለስ ለዓለም ሚዲያ የሚመጣው ረሀብ ከ1977ቱ ሊከፋ እንደሚችል ተናገሩ። በታኅሣሥ በወጣው ጥሪ እርዳታ የሚሹት ከ11 ሚሊዮን በላይ ተባሉ፤ ዓመቱ ሲገፋ ከ13 ሚሊዮን አለፉ። በጥር 1994 በቆሎ ማሳ ላይ የቀረባት አገር፣ በታኅሣሥ 1995 እህል ለመነች። በአሥራ አንድ ወር።

የበቆሎ ዋጋ? ሽቅብ ወጣ። አሁን የሚሸጥ በቆሎ ያለው ግን ጥቂት ነው፤ ያንን ከላይ የሠራነውን ስሌት አስታውሱ፦ 16፣ 14፣ 2። እኛ ጋ የሚሸጠው ሁለቱም አልነበረም፤ በአንድ በሬ የታረሰ ማሳ ነበረን፤ ሌላውን በሬ ከጎረቤት ጋር ተቀናጅተን።

ያ ዓመት በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር አስከተለ ማለት ይቻላል። አንደኛው በ1997 የተጀመረው ሴፍቲ ኔት ነው፤ እርዳታው ሁልጊዜ ከረሀቡ በኋላ የሚደርስበትን አሠራር ለመቀየር። ሌላው የዶ/ር እሌኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሩሻ ላይ በቴድ መድረክ ቆመው የተናገሩት ስለዚሁ የበቆሎ ዓመት ነው፤ ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ አለ። በሚያዝያ 2000 የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ቡሬም መጋዘኑ ከተከፈተባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። በየከተማው የዋጋ ሰሌዳ ተሰቀለ፤ 934 ደውሎ ዋጋ መስማት ተቻለ። የቴሌ ቤቱን አግዳሚ ወንበር ላስታወሰ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ብቻ ምን ሆነ፣ ምርት ገበያው የተወለደው በበቆሎ ምክንያት፣ ያደገው በቡናና በሰሊጥ ነው። በቆሎው ወደ ለመደው መንገድ ተመለሰ፤ ሰብሳቢ፣ ጅምላ ነጋዴ፣ ደላላ። አሁን ሁሉም ሞባይል ስላለው አንዱ የሌላውን ዋጋ ይሰማል። የሌላውን መጋዘን ግን አሁንም አያይም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሁለተኛው ጅራፍ ነው፤ ምክንያቱም እሱ አልቆመም።

የማዳበሪያ ፍላጎት የሚሰበሰበው ከታች ወደ ላይ ነው። የልማት ሠራተኛው ገበሬውን ይጠይቃል፣ ቀበሌው ይደምራል፣ ወረዳው፣ ዞኑ፣ ክልሉ፣ ሚኒስቴሩ። ከዚያ ጨረታ፣ ከዚያ መርከብ፣ ከዚያ ጂቡቲ፣ ከዚያ መኪና። ከጥያቄው እስከ ማሳው ብዙ ወር አለ፤ ጥያቄው ደግሞ የሚጠየቀው ገበሬው ያምናውን እንኳ ሳይሸጥ ነው። በየደረጃው ያለው ሹም ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ "ገበሬህን አላንቀሳቀስክም" እንዳይባል ይፈራል፤ ስለዚህ ትንሽ ይጨምራል። ለማንኛውም። በ2004 እና 2005 ገደማ የተጠየቀው ከተሸጠው አልገጥም ብሎ ብዙ ማዳበሪያ ሳይሸጥ ወደ ቀጣዩ ዓመት ተላልፎ ነበር። ያኔ ችግሩ መብዛት ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ ተገላበጠ። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያና በ2022 ጸደይ መካከል የዩሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ከሦስት እጥፍ በላይ ሆነ፤ ኮቪድ ነበር፣ የጋዝ ዋጋ ነበር፣ ከዚያ የዩክሬን ጦርነት። በ2015 የመኸር ወቅት አማራ ክልል ውስጥ ማዳበሪያ ጠፋ። ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጠየቁ፣ ሰልፍ ወጡ። በጎን ያለው ሰው በብዙ እጥፍ እየሸጠ ነበር። ቀጥሎ በዚያው ክረምት ግጭቱ ተነሳ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ዋጋ ለመስማት እንደገና በሰው መላክ ተጀመረ።

ሃው ሊ ከጻፋቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው፦ እጥረት ሲኖርና በኮታ ሲከፋፈል ሰው ከሚፈልገው በላይ ይጠይቃል፤ ግማሹ ብቻ እንደሚሰጠው ስለሚያውቅ። አንዲት የአጎቴ ልጅ ቡሬ አጠገብ ታርሳለች። በ2016 ለሁለት ኩንታል ስትመዘገብ አራት አስጻፈች። "ሁለት ካልኩ አንድ ነው የሚሰጡኝ" አለችኝ በስልክ። ጎረቤቷም አራት አስጻፈ፣ ሌላውም፤ አንዱ የሌለ መሬት ሳይቀር አስመዝግቧል። ቁጥሩ ወደ ላይ ሄደ። ምን ያህሉ እውነት፣ ምን ያህሉ ፍርሃት እንደሆነ ከወረዳው በላይ ያለ ሰው የሚለይበት መንገድ የለውም። በሚቀጥለው ዓመት አራቱንም ቢሰጧትስ ብዬ ጠየቅኋት።

"ማን ይሰጠኛል?" አለች። "ቢሰጡኝም እሸጠዋለሁ።"